ሊቀመንበር ያልነበረበት መከር

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ገንዳ ውሃ መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቀኛል። "እትዬ የሺ፣ አሁንስ ማንን ይቆጣሉ?" ይሉኛል፣ ባለ ባጃጆቹ ሳይቀሩ። "አንተን ነዋ! እዚህ ጠባብ መንገድ ላይ እንደ ፌንጣ የምትዘለውን!" እላቸዋለሁ፤ ይስቃሉ። ቁጡ መሆኔን አልክድም። ዕድሜዬን የፈጀሁት ሰው ሰብስቤ ደንብ በማስወጣት፣ ከዚያም ያወጡትን ደንብ እንዲያከብሩ በመለመን ነው። በዚህ ሥራ ላይ ውሎ ያልተቆጣ ሰው ካለ ወይ ጆሮው አይሰማም ወይ ጻድቅ ነው።

የሥራ መደቤ ስም ወረቀት ላይ ሲጻፍ አንድ መስመር ይሞላ ነበር። እናቴ ግን እስክትሞት ድረስ "የሺ ምን ትሠራለች?" ሲሏት "ሰው ታሰባስባለች" ነበር መልሷ፤ ከእሷ የተሻለ የገለጠው የለም። እድሩ፣ የውሃ ኮሚቴው፣ የተማሪ ወላጆች ኅብረቱ፣ የመረዳጃ ማኅበሩ፣ ብቻ ትርፍ የማይከፋፈል ማኅበር ሁሉ ሲቋቋም መተዳደሪያ ደንቡን አያለሁ፣ ምርጫውን እታዘባለሁ፣ ሲጣሉም በመሀል እገባለሁ። ትውልዴ ጎንደር አዘዞ ነው። መጀመሪያ አይከል ሠራሁ፤ ከዚያ ሽንፋ ተመደብሽ ሲሉኝ እናቴ ለቅሶ ልትቀመጥ ምንም አልቀራት። "ቆላ! ወባ ሊበላሽ!" ብላ ደረቷን መታች። እኔም ለዓመት ብዬ ወርጄ በዚያው ቀረሁ። ደመወዙን ተዉት፤ የበረሃ አበል የሚባል ነገር ነበረው፣ እሱንም ሙቀቱ ይበላዋል።

አለቆች አየሁ። ችግር ሁሉ በስብሰባ ይድናል የሚል ነበር፤ ሰው ስብሰባ በዛብን ብሎ ቢያማርር ስለ ስብሰባ መብዛት ስብሰባ ጠራ። በሩን ዘግቶ የሚውልም ነበር። እሱን ለማግኘት ሻይ ከምታመጣለት ልጅ ጋር መወዳጀት ያስፈልግ ነበር። ሁሉም ደግ ደጋቸውን ትተውልኝ ሄደዋል፣ አሁን ሳስባቸው ናፍቆት እንጂ ቂም የለኝም።

ሥራውን ያስተማሩኝ ግን ሽንፋ ያገኘኋቸው ጋሽ መላኩ ናቸው። ቀጭን፣ ረዥም፣ ድምፃቸው በአፍንጫቸው የሚወጣ ሰው ነበሩ። ማኅበር ደንቡን ጽፎ ሲያመጣላቸው ብቻቸውን አያነቡትም። ከአባላቱ መሀል ፊደል ያልቆጠረ ሰው ይፈልጉና ከፊቱ ተቀምጠው ጮክ ብለው ያነቡለታል። ሰውየው ግንባሩን ከቋጠረ ያ ዓረፍተ ነገር ይሰረዛል፣ ሌላ ይጻፋል። "ደንብ ለጻፈው ሰው አይደለም የሺ፤ ነገ ለሚቀጣበት ሰው ነው" ይሉኝ ነበር።

አንዱን አንቀጽ ሲጨርሱ ደግሞ ቀና ብለው "ካልሆነስ?" ይላሉ። ጠቅላላ ጉባኤ በዓመት አንድ ጊዜ ይሰበሰባል፤ ካልተሰበሰበስ? ሊቀመንበሩ በሁለት ዓመቱ ይለወጣል፤ ካልተለወጠስ? ገንዘብ ያዡ ቢታመምስ? መጀመሪያ ያናድዱኝ ነበር። አንድ ቀን "ጋሽ መላኩ፣ ምነው ሟርት ወደዱ!" ብላቸው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና "ሰው ሲስማማማ ደንቡን ማን ያየዋል? የሚፈለገው ነገር የተበላሸ ዕለት ነው፤ ታዲያ ያን ዕለት ባዶ ሆኖ ይገኝ?" አሉኝ። እኔ ግን ያን ጊዜ የገባኝ ግማሹ ብቻ ነበር።

ምልዓተ ጉባኤ፣ ማለትም ለመወሰን የሚበቃ ሰው፣ መኖሩን የሚቆጥሩት በጠጠር ነው። አባል ሲገባ አንድ ጠጠር ባርኔጣቸው ውስጥ ይጥላል፤ ቸኩሎ የሚወጣ ጠጠሩን ይዞ ይሄዳል። ሌላው ጣራ እያየ ሲቆጥር እሳቸው ባርኔጣቸውን አንዴ ነቅነቅ አድርገው "አሁን በቃን" ወይም "ኧረ ሰው ጥሩ!" ይላሉ። ጉባኤው ሳይዘጋ ደግሞ ውሃ እንኳ ከአፋቸው አይገባም። ፍየል ታርዶ ሽታው እያወዳቸው "ጋሽ መላኩ፣ ትንሽ ይቅመሱ" ሲባሉ "ቃለ ጉባኤው ይፈረም እንጂ እንኳን ትንሹን ቆዳውንም እበላዋለሁ" ነበር መልሳቸው።

አንዴ ሽንፋ ወንዝ ዳር ባለች መንደር የውሃ ኮሚቴ ስናስመርጥ የነሐሴ ዝናብ ድንገት ወረደብን። ሰዉ ነጠላውንም ጋቢውንም በራሱ ጣል አድርጎ ሊበተን ሆነ። የመንደሩ ሊቀመንበር "በሉ እንግዲህ ስብሰባው ተሰረዘ" ሊል አፉን ሲከፍት ጋሽ መላኩ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። "አትሰርዘው! የተከፈተ ጉባኤ እስኪዘጋ ድረስ አንድ ነው። ዝናብ ቢሸሽ፣ ቦታ ቢለውጥ፣ ምሳ በልቶ ቢመለስ አንድ ነው። ተነሡ!" ብለው ባርኔጣቸውን ከነጠጠሩ በጉያቸው አቅፈው ወደ እህል መጋዘን ሮጡ። ያ ሁሉ ሰው እንደ በግ ተከትሏቸው ገባ። ማሽላ ጆንያ ላይ ተቀምጠን፣ በቆርቆሮው ላይ ዝናቡ እየጮኸ፣ እኛም ከዝናቡ በላይ እየጮህን ምርጫው አለቀ። ከዚያ ቀን ይበልጥ በሥራዬ የተደሰትኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ጋሽ መላኩ ከሞቱ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር።

አሁን ወደ ኮኪት ልምጣ፤ ከሥራ ዘመኔ ሁሉ እሱ ነው ከልቤ ያልወጣ።

ኮኪት በምትባለው ትንሽ የቆላ ከተማ አንድ የመረዳጃ ማኅበር አለ። አባላቱ በዙሪያው ሰሊጥና ማሽላ የሚያመርቱ ባለ እርሻዎች ናቸው። ሥራው አንድ ነው። በአጨዳ ጊዜ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከደጋው ጎንደር የሚወርደው የጉልበት ሠራተኛ ሲታመም ሐኪም ቤት ያደርሳል፤ ከሞተም ወደ አገሩ ይሸኛል። ለዚህ ሲሉ አንዲት አሮጌ ላንድክሩዘር አላቸው፣ የኋላ ወንበሯ ወጥቶ ፍራሽ የተነጠፈባት። አገሩ ድንበር ነውና ነዳጅ ወደ ማዶ እንዳይሻገር ቁጥጥሩ ጥብቅ ነው። የሊቀመንበሩ ፊርማና የማኅበሩ ማኅተም ያለበት ወረቀት ካልቀረበ ለዚያች መኪና ነዳጅ አይቀዳም፣ ኬላም አያሳልፋትም።

የፊተኛው ሊቀመንበር አቶ ደሳለኝ ይባላል። ሰሊጥ ነጋዴ ነው፣ ሳቂታ፣ ምላሱ ማር። የማኅበሩ የመጀመሪያ ደንብ ደጋ ላይ ከተጻፈ የሌላ ማኅበር ደንብ የተገለበጠ ነበርና ጠቅላላ ጉባኤው ጥቅምት ላይ ይላል። ጥቅምት! ቆላ! የደረቀ ሰሊጥ በጊዜ ካልታጨደ ቅርፊቱ ፈንድቶ ፍሬውን መሬት ይበላዋል፤ በዚያ ወር እንኳን ለጉባኤ ለሠርጉም የሚመጣ የለም። ደንቡ ደግሞ "ተተኪ እስኪመረጥ ድረስ ነባሩ ኮሚቴ ይቀጥላል" ይላል። ደሳለኝ ታዲያ በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ጉባኤ ይጠራል፤ ሰው አይመጣም፤ "ምልዓተ ጉባኤ ስላልተሟላ ተሰርዟል" ብሎ ይለጥፋል፤ እሱም ይቀጥላል። ሲጠይቁት "ለታመመ ሰው ስል እንጂ እኔማ ደክሞኛል" ይላል። ድንቄም ደክሞት! መኪናዋ በሽተኛ ከምትጭንበት ቀን የእሱን ጆንያ የምትጭንበት በዛ።

በመጨረሻ አንድ ጥር ላይ፣ አጨዳው አልቆ ሰው እፎይ ሲል፣ አባላቱ አስቸኳይ ጉባኤ ጠርተው አወረዱት። በቦታው ጋሽ እንድሪስን መረጡ። ጋሽ እንድሪስ የወሎ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ለጉልበት ሥራ ወርደው፣ ኋላ በላባቸው ትራክተር የገዙ፣ ነጭ ጀላቢያቸው ላይ ግራሶ፣ የሞተር ቅባት፣ የማይጠፋ። ዕለቱን ደንቡም ተሻሻለ። ጉባኤው ወደ መስቀል ማግስት ተዛወረ፣ አጨዳ ሳይጀመር፣ ባለ እርሻው ሁሉ ሠራተኛ ሊቀጥር ማጭድም ሊገዛ ኮኪት ሲገባ። እዚህ ድረስ እሰየው ነው። ቀጥሎ ግን አንዱ ተነሥቶ "የኮሚቴው የሁለት ዓመት ዘመን ጉባኤው በሚውልበት ቀን ያበቃል፤ ጉባኤ ኖረም አልኖረም ያበቃል!" አለ፤ ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ።

እኔም የታዛቢነቴን "ካልተሰበሰባችሁስ?" ብዬ ጠየቅሁ።

"እንሰበሰባለን!" አሉኝ በአንድ ድምፅ።

"ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ቢመጣስ?"

"ደሳለኝም ሲለን የኖረው ይህንኑ ነው እትዬ የሺ! ያቺን ቀዳዳ አንተውም!"

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? ደንቡ የእነሱ ነው፣ ድምፁም የእነሱ፤ እኔ ምክሬን ሰጥቼ ተቀመጥሁ። ጋሽ እንድሪስም ማኅተሙን ሲረከቡ ማንም ሳይጠይቃቸው ቀኝ እጃቸውን አነሡ። "ወላሂ፣ ዘመኔ ካለቀ በኋላ አንዲት ወረቀት ብፈርም ያን ዓመት ሰሊጤን አልሰብስብ!" አሉ። በእኛ ቆላ ባልታጨደ ሰሊጥ የማለ ሰው በልጁ እንደማለ ነው። አዛውንቶቹ እንኳ "ኧረ ተው፣ እንዲህ አይማልም" ሲሉ ሰምቻለሁ።

ሁለቱ ዓመት ጥሩ ነበር። መኪናዋ በሽተኛ ስትጭን እንጂ ጆንያ ስትጭን ያየ የለም። ሁለተኛው ዓመት አልቆ መስቀል ሲደርስ ግን ከሚጎርፈው ሠራተኛ ጋር አጣዳፊ ተቅማጥ ገባ። ሰው መሰብሰብ ተከለከለ፤ ገበያውም ተበተነ፤ የማኅበሩ ጉባኤም ተሰረዘ። የመስቀል ማግስት ጋሽ እንድሪስ ማኅተሙን ሣጥን ውስጥ ቆለፉ። በዚያን ቀን ማኅበሩ ሊቀመንበር የለው፣ ጸሐፊ የለው፣ ገንዘብ ያዥ የለው። እኔ ለበላይ አካል ጻፍሁ፤ "በመተዳደሪያ ደንባችሁ መሠረት ይፈጸም" የሚል መልስ መጣልኝ። ወይ ጉድ! ያሰረንን ገመድ በገመዱ ፍቱት እንደማለት።

ብዙም ሳይቆይ ከኮኪት ወጣ ካለ የእርሻ ካምፕ ስልክ ተደወለልኝ። አንዳርጌ የሚባል የጎጃም ልጅ በወባ ወድቋል፤ የኮኪት ጤና ጣቢያ ባለሙያ ከአቅሜ በላይ ነው፣ ሆስፒታል ይድረስ ብላለች። ሚስቱ ሙሉ እዚያው ካምፕ ወጥ ሠሪ ናት፣ የመጀመሪያ ልጇን እርጉዝ። የወረዳው አምቡላንስ በተቅማጡ ሌላ አቅጣጫ ተወጥሯል፤ የጭነት መኪኖቹ "ተቅማጥ ይሆናል" ብለው አንጭንም አሉ። በሚኒባስ ተሳፍሬ ኮኪት ስደርስ ጋሽ እንድሪስ ግራር ሥር ቁጭ ብለው የትራክተራቸውን ማረሻ ዲስክ ይፈታሉ።

"ጋሽ እንድሪስ፣ ሰው ሊሞት ነው" አልኋቸው።

"ሰምቻለሁ የሺ።"

"እንግዲያስ ይፈርሙና መኪናዋ ትውጣ!"

"በምን ሥልጣኔ?" አሉ መፍቻውን አስቀምጠው። "እኔ እስከ መስቀል ማግስት ድረስ ሊቀመንበር ነበርሁ። ዛሬ ባለ ትራክተር ነኝ።"

"ለሰው ሕይወት እኮ ነው!"

"ደሳለኝስ ምን ይል ነበር? 'ለሰው ሕይወት' አይደለም የሚለው? ዛሬ እኔ በዚህች ብፈርም ነገ የሚመጣው በሌላ ይፈርማል፣ ከነገ ወዲያ እንደገና ጆንያ ይጫናል። አንቺ ራስሽ አይደለሽም ወይ ደንብ በክፉ ቀን ነው የሚታየው ስትይን የኖርሽ?"

ጮኽሁ። ለመንሁ። ተሳደብሁም፣ አልዋሽም። ሰውየው ዓይናቸው እንባ አቅሮ "አልችልም" አሉ። ሌባ ባለሥልጣን ስንቱን አሳምኜ፣ አስፈራርቼ፣ አሸማቅቄ አውቃለሁ። እውነተኛ ሰው ግን በምን ይያዛል? ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ ያቅታል ሲሉ እሰማ ነበር፤ ያን ቀን ቆሜ ሞከርሁና አቃተኝ።

ጋሽ እንድሪስ ግን ተነሡና ዲስኩን ትተው ተሳቢውን ከትራክተሩ ጋር አያያዙት። "ፊርማ የለኝም፤ ትራክተር ግን አለኝ" አሉ። አስፋልቱ ድረስ አውጥተን መኪና ልንለምንለት ካምፑ ሄድን። አንዳርጌ በገመድ አልጋ ላይ ተኝቶ ይንቀጠቀጣል፤ ሙሉ እርጥብ ጨርቅ ግንባሩ ላይ ታደርጋለች። ሞተር ሲሰማ ዓይኑን ገልጦ "መኪናዋ መጣች?" አለ። ገለባ አንጥፈን ተሳቢው ላይ አስተኛነው፤ ሙሉ ራሱን ጭኗ ላይ አደረገች፤ እኔም ወጣሁ። የዋልካው ጥቁር ጭቃ ገና ዝናቡን አልጨረሰም፤ ትራክተሩ እየሰጠመ እየወጣ እንደ ኤሊ ይሄዳል። "መኪናዋ መጣች?" ይላል እየደጋገመ። እኔም "እየመጣች ነው፣ አይዞህ" እለዋለሁ። አስፋልቱ ከሩቅ መታየት ሲጀምር ዝም አለ። ሙሉ እጇን አፍንጫው ላይ አድርጋ ቆየችና "አቁሙት" አለች። ትራክተሩ ቆመ። ጋሽ እንድሪስ ወርደው ትልቁን ጎማ ተደግፈው እንደ ሕፃን አለቀሱ።

እዚያው ኮኪት ቀበርነው፤ ወደ አገሩ የሚሸኘው ማኅበር አልነበረምና። ሙሉ "አርባውን ሳላወጣ የትም አልሄድም" ብላ ካምፑ ተመለሰች። እኔ ከቀብሩ ስወጣ ንዴቴ ፈልቶ በማኅበሩ ሽማግሌ በአባ ተገኘ ላይ ጮህሁባቸው።

"ሰው እንዳልሰበስብ ተከልክያለሁ! ሳትሰበሰቡ አትመርጡም! ምን አድርጌ ልሰብስባችሁ?"

አባ ተገኘ ምርኩዛቸውን ተደግፈው አዩኝ። ከማኅበሩ አባላት ሁሉ በዕድሜ የሚበልጣቸው የለም። "አንቺ ልጅ፣ እስከ ዛሬ ቆላ ኖረሽ አልገባሽም ማለት ነው?" አሉኝ። "በአጨዳ ጊዜ እኛን የፈለገ እርሻችን ድረስ ይመጣል። ጨርቅ ሻጩም ይመጣል፣ ዶሮ ሻጩም ይመጣል። ያንቺ ጉባኤ ከዶሮ ሻጭ ይበልጣል?"

ያን ጊዜ የሽንፋው ዝናብ ድቅን አለብኝ። የተከፈተ ጉባኤ እስኪዘጋ አንድ ነው፤ ቦታ ቢለውጥ አንድ ነው! ሥራ ላይ የበላሁት እንጀራ ሁሉ ለዚያች ደቂቃ የበላሁት መሰለኝ። ደንቡን አውጥቼ ከላይ እስከ ታች አነበብሁት። አባላት ራሳቸው ከጠየቁ አስቸኳይ ጉባኤ ይጠራል ይላል፤ ኮሚቴ ከሌለ በዕድሜ ትልቁ አባል ይመራዋል ይላል። ሁሉም በአንድ ሜዳ ይቀመጥ የሚል ግን የትም የለም። ጤና ጣቢያዋ ውስጥ ያለችውን ባለሙያ ሄጄ ጠየቅኋት። "በአንድ ቦታ ጥቂት ሰው ብቻ፣ ሜዳ ላይ፣ ተራርቆ፣ እጁን በሳሙና ታጥቦ" አለችኝ። ይኼማ ምን ገዶኝ!

ጉባኤው ጠዋት በአባ ተገኘ ማሳ ዳር ተከፈተ። ከዚያ በጋሽ እንድሪስ ትራክተር ተጫነ። ተሳቢው ላይ አባ ተገኘ ወንበር ላይ፣ ቃለ ጉባኤ የሚጽፍ አንድ አባል፣ እኔ፣ ጀሪካን ውሃ፣ ሳሙና፣ ለጠጠር ደግሞ አንድ የዱቄት ወተት ጣሳ። ጋሽ እንድሪስ "እኔ ሹፌር ነኝ፤ ስለ እኔ ሲወራ ጆሮዬን ሞተሩ ይደፍነዋል" ብለው መሪው ላይ ተቀመጡ። ከማሳ ማሳ እንሄዳለን። ሰው ማጭዱን ጥሎ ላቡን እየጠረገ ይመጣል፤ እጁን ይታጠባል፤ ጠጠር ይጥላል፤ አባ ተገኘ "ጉባኤው ከአቶ እገሌ ማሳ ተነሥቶ እዚህ ደርሷል፣ እየቀጠለ ነው" ይላሉ፤ ጋሽ እንድሪስ ዳግመኛ ይመረጡ የሚለው አጀንዳ ይነበባል፤ የታጠበ እጅ ይነሣል፤ ይፈርማል፤ እንሄዳለን። "ጉባኤ በእግሩ ሲሄድ ዛሬ አየን!" እያሉ የሚስቁት ሳቅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። አንዱ ጎጃሜ አጫጅ "አባቴ፣ እኛንም ምረጡን እንጂ" ሲል አባ ተገኘ "አንተ ታመምና እንጭንሃለን" አሉት፤ እሱም "ተዉኝ ተዉኝ" ብሎ ወደ ሥራው ሮጠ።

አንድ ቀን አልበቃንም። በማግስቱ ገና ግማሽ ሳንሞላ የሙሉ ካምፕ ኃላፊ በሞተር ሳይክል ደረሰብን። ሙሉን ሆዷን ቆርጧታል፣ ደምም እየታያት ነው፤ ባለሙያዋ "ጎንደር ካልደረሰች ለእሷም ለልጇም እፈራለሁ" ብላለች። ሁላችንም የጣሳውን ጠጠር አየን። ጥቂት ጎድሎናል። የቀረን ማሳ ደግሞ የአቶ ደሳለኝ ነው፣ ከነወንድሞቹ፤ ከወረደ ወዲህ ማኅበሩ ደጅ ያልደረሰ።

ደሳለኝ ሂላ በሚባለው፣ ታጭዶ ታስሮ በቆመው የሰሊጥ ክምር ጥላ ሥር፣ ቆሞ ጠበቀን። የመጣንበትን ሲሰማ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። "እኔን ያባረራችሁበት ደንብ እናንተንም አባረራችሁ! አይ የእግዜር ሥራ!" አለ። ልሰድበው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አባ ተገኘ ክንዴን ያዙኝ። "ደሳለኝ፣ አንዲት ነፍሰ ጡር ደም እየፈሰሳት ነው" አሉት ብቻ።

ሳቁ ጠፋ። ወንድሞቹን ጠራ፤ እጁን ታጠበ፤ ጎንበስ ብሎ ከመሬት ጠጠር አንሥቶ ጣሳው ውስጥ ጣለ። "ቁጠሩኝ። ግን አንድ ነገር ጻፉ። ጉባኤ ሲቀር ኮሚቴው ለታመመና ለሞተ ሰው ብቻ ይፈርም፤ ለሌላ ለምንም እንዳይፈርም። እኔን የመሰለ እንዳይመጣባችሁ።" አባላቱ ያለፍናቸው ማሳዎች ላይ ያነሡትን ሐሳብ ሁሉ ሰብስቦ አንድ ላይ እንዳኖረው ሆነ፤ ጸሐፊያችንም እዚያው ጻፈው፤ የቀደሙት ማሳዎች ደግሞ በስልክ ሳይሆን በትራክተሩ ዳግመኛ ተዞረው አጸደቁት፣ ግን እሱ ከዚያ በኋላ ነው። ለጊዜው የምርጫው አጀንዳ በቃን። አባ ተገኘ ጣሳውን ነቅነቅ አድርገው "ምልዓተ ጉባኤ ሞልቷል፤ እንድሪስ ተመርጧል" አሉ።

ጋሽ እንድሪስ ሞተሩን አጥፍተው ወረዱ። ከመቀመጫቸው ሥር የማኅተሙን ሣጥን አውጥተው ከፈቱ። በትራክተሩ ጎማ ላይ ወረቀቱን ዘርግተው ፈረሙ፣ ማኅተሙንም አሳረፉበት። እልልታ የለ፣ ጭብጨባ የለ፤ የሞተር ሳይክሉ ሰውዬ ወረቀቱን ይዞ ወደ ነዳጅ ማደያው በረረ።

ላንድክሩዘሯ ካምፑ ስትደርስ ሙሉን ደግፈን አወጣናት። በነጠላ ታስራ፣ ፊቷ አመድ መስሎ፣ በሯ ላይ ስትደርስ ቆመች። ፍራሹን አየች፤ ጎማዋን አየች፤ እጇን ቆርቆሮው ላይ አሳረፈች።

"መኪናዋ ይቺ ናት?" አለች።

"አዎ ልጄ" አሉ ጋሽ እንድሪስ።

"የት ነበረች?"

ጋሽ እንድሪስ ቀና ብለው አዩዋት። "እሷስ እዚሁ ነበረች" አሉ። "እኛ ነን ያልነበርነው።"

"እሱ እኮ ሲጠብቃችሁ ነበር" አለቻቸው ሙሉ። ከዚያ ተደግፋ ገባች፣ ፍራሹ ላይ ጋደም አለች፤ ጋሽ እንድሪስ በሩን ሊዘጉ ሲሉ እግሯን ሰብስባ ቦታ ለቀቀችላቸው።

"ይግቡ እንጂ" አለች፤ "ብቻዬን አልሂድ።"